ግመሏ ያልወጣችበት በር

አዋሽ ሰባት ኪሎ የወረድኩት ለአንድ የጥጥ ለቀማ ወቅት ነበር። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንለው። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት የከፈተችው የወሎ ሴት ለአንድ ዓመት ብላ መጥታ አሥራ ሁለተኛውን ይዛለች። ከደጋ የተመደቡት ጸሐፊዎችና መምህራን ደግሞ «ዝውውሬ እስኪመጣ» ነበር ንግግራቸው። ዝውውሩ ሳይመጣ ልጅ ይመጣል፣ ከልጁ በኋላ ለልጁ ወተት ተብሎ ፍየል ትገዛለች፣ አሁንም «ዝውውሬ እስኪመጣ» ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል አያባክንም። የእጅ ጽሑፌ ንጹሕ ስለነበር ቀበሌው የንባብ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኝ። ንባብ ቤት ማለት አንዲት ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ከአዲስ አበባ በባቡር ዘግይተው የሚደርሱ ጋዜጦችና መጽሔቶች ነበሩ። የክፍሏ የውጭ ግድግዳ ወደ ጣቢያው ይዞራል፤ የቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ የሚለጠፈው እዚያ ላይ ነበር። ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ። ካርቱኑን የሚሥለው ግን ጣቢያው ውስጥ በፉርጎዎች ላይ ቁጥር የሚቀባ ሰው ነበር። መጻፍ የፈለግሁት ስለ እሱ ነው።

ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። አባቱ ሐዲድ ሊዘረጋ መጥቶ የቀረ ሰው ነው፤ እሱ የተወለደው እዚያው ሐዲዱ ዳር ነው። አፋርኛውን እንደ አፋር፣ አማርኛውን እንደኛ ይናገራል። ሦስት ቀለም ብቻ ነበረው፤ ከፉርጎ የተረፈ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር። ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም፣ ሣር አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም፤ ግን ማንም ጎደለ ብሎ አያውቅም።

በመጽሔቶቹ ውስጥ ብዙ ካርቱን አይቻለሁ፤ ሥራዬ ማገላበጥ ነበርና። ከአገር ወደ አገር፣ ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልስ ሰው ሲሣል አንድም ጎርፍ ነው፣ አንድም የአንበጣ መንጋ፣ አንድም ጉንዳን። ፊት የለውም። አዲስ ከገባበት አገር ጋር ሲዋሐድ ሲሣል ደግሞ ጥሬ ወደ ወፍጮ ይገባል፣ በሌላ በኩል አንድ ዓይነት ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ያ የፉርጎ ቀቢ ግን ጎርፍ ሥሎ አያውቅም። ባቡር ሲደርስ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ነክሮ ይቆምና የወራጁን እግር ያያል። ማን በየትኛው እግሩ ቀድሞ መሬት እንደረገጠ፣ ማን ጓዙን ተሸክሞ ማን ጎትቶ እንደወረደ ያያል። ያላየውን አይሥልም። ይህንን ነበር በጣም የምወድለት።

አንድ ጊዜ ከደጋ የመጣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሣለ። በዚያ በሚያቀልጥ ሙቀት የሱፍ ኮት ለብሷል፣ ጃንጥላ ዘርግቷል፤ ከጃንጥላው ሥር አንዲት ትንሽ ደመና አለች፣ ለእሱ ለብቻው ታካፋለታለች። ዙሪያው ድርቅ ነው፣ እሱ ግን ብርድ ብርድ ብሎታል። የተሣለው ሰው ራሱ መጥቶ ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ሳቀ። «እኔ ነኝ እንዴ? ኧረ እኔ ነኝ!» እያለ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳየ። በማግስቱ ያለ ኮት መጣ።

እኔንም ሥሎኛል። አንዲት ሴት ጓዟን ቋጥራ በቋጠሮው ላይ ተቀምጣ ባቡር ትጠብቃለች፤ ቋጠሮው ግን ከታች ሥር አብቅሎ መሬት ውስጥ ገብቷል፣ እሷ አላወቀችም። የሻይ ቤቷ ባለቤት አይታ እጇን አጨበጨበች።

«ወላሂ አንቺ ነሽ! ሻሹ እንኳ ያንቺ ነው!»

«የኔ ሻሽ ጥለቱ ሁለት መስመር ነው፤ ይሄ ሦስት ነው» አልኩ።

እሱ ከኋላዬ ቆሞ ሰምቷል። «ሳንሱሯ መጣች! በይ ቁጭ በይ፣ አንዷን መስመር አጠፋታለሁ።» እውነትም ቀዩን በነጭ ሸፈነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሳንሱሯ ሆኖ ቀረ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሳንሱር ቀልድ አልነበረም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ፣ አምስት ዓመት ሙሉ አልጋዬ ሥር የነበረውን ቋጠሮዬን ፈትቼ ልብሴን በሚስማር ሰቀልኩ።

ለአብዮት በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው የቀበሌያችን ካድሬ ንባብ ቤቱ ድረስ መጣ። ወጣት ነው፣ ከደጋ የመጣ፣ ካኪ ኮትና ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ አለቆቹን የሚፈራ ሰው ነበር፤ እሱ በፈራ ቁጥር ደግሞ እኛ እንፈራ ነበር።

«ጓድ» አለው ቀቢውን፣ «የዘንድሮው ሥዕል ትልቅ ይሁን። ግድግዳውን ሙሉ። አንድ በር ሣል። በዚህ በኩል ዘላኑ ይገባል፤ ጸጉሩ ቅቤ፣ ወገቡ ላይ የጊሌ ጩቤው፣ ከኋላው ግመሉ። በዚያ በኩል ደግሞ ሠፋሪ ሆኖ ይወጣል። ጸጉሩ የተቆረጠ፣ ሱሪ የለበሰ፣ በትራክተር። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ጓድ። ግን እንዲህ ያለ በር የት ነው ያለው?»

«በሩ ምሳሌ ነው!»

«እሺ።»

እሺ አለ እንጂ ሥራው እንደ ወትሮው አልነበረም። ዘወትር ሲሥል ያፏጫል፤ ያን ሰሞን አላፏጨም። እኔ ከታች ካድሬው የሰጠኝን መፈክር እጽፋለሁ። ሥዕሉ ሲያልቅ ራቅ ብዬ አየሁትና አንድ ነገር ጎደለብኝ።

«ጋሼ፣ ግመሏስ?»

«ምን ሆነች?»

«ስትገባ አለች። ስትወጣ የለችም።»

አየና ራሱን አከከ። «ትራክተሩ ቦታ ፈጀ። በዚያ በኩል አንድ ክንድ አልቀረልኝም።»

ካድሬው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። የሻሼን ጥለት መስመር የቆጠርኩ ሴት ይህንን አለፍኩት። «ይሁን፣ ሰው ይገባዋል» አልኩ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰው ገባው፤ እንደ ራሱ ገባው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ይቀመጣል፣ ዳጉ ይለዋወጣል። ዳጉ ወሬ አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ምን አየህ፣ የት አየህ፣ መቼ፣ የሰማኸውስ ከማን ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ያላየውን አየሁ ያለ በጎሣው ፊት ይቀጣል። በዚያ ሳምንት ሁለት ወጣቶች ግድግዳችን ፊት ቆመው ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አጠኑት። መፈክሬን ማንበብ አይችሉም። ያዩትን ግን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይዘው ሄዱ፤ አዋሽ ላይ ከጣቢያው አጠገብ ሁለት በር ያለው ቤት አለ፣ ሰውየው በአንዱ በር ከነግመሉ ይገባል፣ በሌላው ጸጉሩን ተላጭቶ ጊሌውን ተነጥቆ በብረት ላይ ተቀምጦ ይወጣል፣ ግመሏ አትወጣም።

ወሬው አዋሽ አርባን አልፎ የት እንደደረሰ አላውቅም። ሰኞ ገበያው ባዶ ሆነ። ወተት የምታመጣ ሴት የለች፣ ፍየል የሚነዳ የለ፣ ሰሌን ምንጣፍ የለ፣ ቅቤ የለ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ባዶ የወተት ጣሳዋን ገልብጣ እላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ጉድ ነው! ሞቱ እንዴ ሁሉም?»

ምክንያቱን ያወቅነው ከቀትር በኋላ፣ አፋርኛ የሚያውቅ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከመንገድ የሰማውን ሲነግረን ነው። ሳቅኩ። ወዲያው ሳቄን ዋጥኩት፤ ካድሬው ከኋላችን ቆሟል።

«ይሄ አሻጥር ነው» አለው ቀቢውን። ፊቱ ነጥቷል። «በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሕዝቡን ከአብዮቱ የሚያሸሽ ሥዕል! ግመሉን ሆን ብለህ ነው ያስቀረኸው?»

«ቦታ አልቆብኝ ነው፣ ጓድ።»

«እሱን አውራጃ ሄደህ ታስረዳለህ። እስከ ሰኞ እሰጥሃለሁ። ሰኞ ገበያው እንደ ድሮው ከሞላ ሞላ፤ ካልሞላ በዚያው ቀን ባቡር ትሄዳለህ።»

በዚያ ባቡር ለማስረዳት የሄዱ ሰዎች ነበሩ። አስረድተው የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። ለቀቢው ሚስትና አራት ልጆች ነበሩት።

ያን ዕለት ልናገርለት ብዬ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄጄ ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ አይቼ ነው ያለፍኩት ልል። ቀቢው ደጁ ላይ ያዘኝና መለሰኝ። «አንቺ የጻፍሽው መፈክር ትክክል ነው። ሥዕሉ የእኔ ነው። ሁለት ሰው ምን ያደርግላቸዋል?» አለኝ። ወደ ፉርጎውም ተመለሰ።

ረቡዕ ጠዋት አንድ የአፋር ሽማግሌ ብቻውን መጣ። ጎሣው የላከው መሆኑ ከአረማመዱ ያስታውቃል፤ ወደ ገበያም ወደ ሻይ ቤትም ሳይል በቀጥታ ግድግዳው ፊት ደረሰ። በትሩን ተደግፎ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ በከተማ አማርኛው ጠየቀኝ።

«ይሄን የሠራ ማነው?»

አስጠራሁት። ካድሬውም ሰምቶ መጣ። ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጢጥ አለ፤ ቀቢውም ከፊቱ ቁጢጥ አለ። በአፋርኛ ጀመሩ። ካድሬው «በአማርኛ!» አለ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየውና ምንም ቅር ሳይለው ወደ አማርኛ ዞረ።

«ይሄን ቤት አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ሰውየው ሲገባ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ሲወጣስ?»

«እሱንም አላየሁም።»

«ከማን ሰማህ?»

ካድሬው ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ቀቢው ወደ እሱ አላየም።

«ሊሆን ይገባል ከተባለ ሰማሁ» አለ። «ሆነ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።»

ሽማግሌው በትሩን መሬት ላይ አኖረ። «ያልሆነውን፣ ያላየኸውን፣ በትልቁ አድርገህ ግድግዳ ላይ ተናገርክ። ልጅ እያለህ አውቅሃለሁ። አባትህንም አውቃለሁ። ዳጉ እንዲህ ነው?»

«እንዲህ አይደለም። አጥፍቻለሁ።»

በዚያ ዘመን በካድሬ ፊት አጥፍቻለሁ ማለት ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። እሱ ግን የተናገረው ለካድሬው አልነበረም። ለሽማግሌው ነበር፤ ደግሞም እውነት ስለሆነ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ። እንደዚያ ቁጢጥ ብሎ በሙሉ ድምፁ አላየሁም ያለ ግን አላየሁም።

«እንግዲያው ያየኸውን ንገረኝ» አለው ሽማግሌው።

ነገረው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከባቡር ሲወርድ ያየውን ሰው ሁሉ። በሱፍ ኮት ስለመጣውና ኮቱን ስለጣለው ጸሐፊ። የግመል ወተት ሲሸታት አፍንጫዋን ይዛ የሸሸች፣ ዛሬ ግን ያለ እሱ ቁርስ ስለማይጥማት መምህርት። ለአንድ ዓመት ብላ መጥታ በአፋርኛ ስለምትከራከር የወሎ ሴት። ሽማግሌው በየመሐሉ «አይተሃል?» ይላል፤ እሱ «አይቻለሁ፣ እዚያ ጋ» ይላል። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ሳቀ። ጥርሶቹ በመፋቂያ የነጡ ነበሩ።

«ይሄንን እኔም አይቻለሁ። ለምን ይሄንን አልሣልክም?»

ቀቢው ተነሣና አቧራውን አራገፈ። «ጓድ፣ ልሣለው?»

ካድሬው ሰኞን እያሰበ ነበር መሰለኝ። «ገበያው ይመለስ እንጂ የፈለግከውን ሣል» ብሎ ሄደ።

ሐሙስና ዓርብ ሣለ። አፏጨ። በሩ ያው በር ነው፤ መንገደኞቹ ግን ተለወጡ። ከባቡሩ በኩል የሚገቡት እኛ ነን፤ ኮት የደረበው፣ ጃንጥላ የያዘው፣ ጓዝ የጎተተችው፣ የጥጥ ለቃሚ ጆንያ ያነገበው። በዚያ በኩል ስንወጣ ኮቱ ቀርቷል፣ ወንዱ ሽርጥ አገልድሟል፣ መፋቂያ በአፉ ነው፤ ሴቷ የወተት ዕቃ ይዛለች፤ ሁላችንም መሬት ላይ ቁጢጥ ብለን ዳጉ እንለዋወጣለን። ዱቄት አልሆንንም። እያንዳንዳችን ከነአፍንጫችን ነበርን። ግመሏ ከበሩ አጠገብ ቆማ፣ እያመነዠከች፣ የሚገባውን የሚወጣውን ታያለች። የትም አልገባችም።

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻውን ሰው ሲጨምር ደረስኩ። በሩ መሐል ላይ ነው፣ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ወጥቶ። ከወገቡ በላይ የተተኮሰ ካኪ ኮት፤ ከወገቡ በታች ሽርጥ።

«ጋሼ! ይሄንን አጥፋው።»

«ለምን?»

«ለምን ይለኛል! ልጆችህ!»

«ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ቤቱ በረንዳ ላይ ምን ለብሶ ነው የሚቀመጠው? አይተሽዋል አላየሽውም?»

አይቼዋለሁ። የቀበሌው ሰው ሁሉ አይቶታል። በሽርጥ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የዓለም ሰላም ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። አይቼ እንዳላየሁ ማለፍን ከአንድ ሳምንት በፊት ሞክሬው ነበር።

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «ግን የሽርጡ ጫፍ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ይደርሳል። አሳጥረኸዋል።»

አስረዘመው። መፈክር ጻፊ የሚለኝ ስላልነበረ ከሥሩ ምንም አልጻፍኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ካድሬው መጣ። ሰው ተሰብስቧል፤ ሽማግሌውም ከሁለቱ ወጣቶች ጋር ተመልሷል። ካድሬው ሥዕሉን ከዳር እየተከተለ አየ፤ ጸሐፊው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ፈታ አለ፤ በሩ መሐል ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ማነው?»

የሻይ ቤቷ ባለቤት «ያ ረቢ» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ነው በትሩን አንሥቶ ያመለከተው።

«አንተ ነህ። ረቡዕ ከዚህ ስመለስ አይቻለሁ። ያምርብሃል።»

አንዱ ሳቅ ሲያመልጠው ሰማሁ። የካድሬው ጆሮ ቀላ። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ወጣቶቹ መልሶ በአፋርኛ አንድ አረፍተ ነገር ተናገረ፤ ቀቢው በኋላ ሲተረጉምልኝ «ይሄ እውነት ነው፣ ሂዱ ንገሩ» ማለቱ ነበር። ወጣቶቹ ወዲያው መንገድ ጀመሩ። ካድሬው ከዓይን እስኪሰወሩ አያቸው። ሥዕሉን በዚያች ደቂቃ ቢቀድደው የሰኞን ገበያም አብሮ እንደሚቀድድ የገባው ይመስለኛል።

«እስከ ሰኞ ይቆይ» ብሎ ሄደ።

ሰኞ ከፀሐይ ጋር መጡ። መጀመሪያ የወተት ሴቶቹ፣ ቀጥሎ ፍየሎቹ፣ ቀጥሎ ሰሌን የጫኑ ግመሎች። ገበያው ከወትሮው በላይ ሞላ፤ ግማሹ የመጣው ሥዕሉን ሊያይ ነው። እየተጋፉ ወደ ግድግዳው ይቀርባሉ፣ ከዚያ ዞር ብለው በገበያው ውስጥ የተሣሉትን ሰዎች ይፈልጋሉ። የወሎዋን ሴት አግኝተው በጣት ሲያሳይዋት «አዎ እኔ ነኝ፣ ሻይ ትጠጣላችሁ?» አለቻቸው በአፋርኛ።

የባቡሩ ሰዓት ሲደርስ ቀቢው ሻይ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ጎን ተቀምጧል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር የመጣው፤ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፣ ለመሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። ካድሬው ገባና ቆመ። ሽማግሌው በራፉ ላይ ተቀምጦ ስለነበረ ይሆን፣ ስለ ገበያው ይሆን፣ ወይ እሱም ራሱ ለአንድ ዓመት ብሎ የመጣ ሰው ስለሆነ ይሆን፣ ለምን ባቡሩን እንደተወለት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ከዛሬ ጀምሮ የግድግዳው ጋዜጣ ጽሑፍ ብቻ ነው» አለ። «አንተ ወደ ፉርጎህ።»

«እሺ፣ ጓድ።»

«ሌላ ምንም የለም። ጨርሻለሁ።» ወጣ። ሥዕሉን በማግስቱ ራሱ አወረደው። ሲጠቀልለው አይቻለሁ፤ ሲቀድደው አላየሁም፤ ስለዚህ ቀደደው አልልም።

አሁን የምኖረው ሰመራ ልጄ ቤት ነው፤ ያኔ ከተማ ያልነበረበት ሜዳ ላይ። ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ የሚያልፈውን መንገደኛ በመስኮት አያለሁ፤ ልጄ በምታመጣቸው ጋዜጦች ላይ ስለ ስደት የሚሣለውንም አያለሁ። ዛሬም ጎርፍ ነው። እጃቸው ከእሱ እጅ ይበልጥ የሠለጠነ ሠዓሊዎች ናቸው፤ አንድ ሰው ከነአፍንጫው ፈልጌ አጣለሁ።

ባቡሩ ያን ሰኞ፣ እኛ ሻይ ቤቱ ውስጥ እንዳለን፣ ጮኸና ተንቀሳቀሰ። ማናችንም ወደ ውጭ አላየንም። ቀቢው ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያነሣ ሻዩ ግማሹ ሸሚዙ ላይ፣ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። መስመር ስቶ አይቼው አላውቅም።

«ሄደ?» አለ።

«ሄደ» አልነው።

«ያለ እኔ?»

«አብሽር፣ ያለ አንተ ነው የሄደ» አለች የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ጠረጴዛውን እየወለወለች። «በል አሁን ሌላ ሻይ ልቅዳልህ፤ ይሄንንስ ጠረጴዛው ነው የጠጣው።»